ጥሩ ቡና በአነስተኛ ወጪ፦ ከጀበናው በስተጀርባ ያለው ሳይንስ

ከቤተሰቦቻቸው ርቀው፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች ኑሯቸውን ሲያደራጁ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የቡና ጉዳይ ነው። በየቀኑ ከቤት ውጭ መጠጣት በወር ሲደመር ቀላል ወጪ አይደለም። በቤት ማፍላት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ ማሽን ይገዛ ወይስ በጀበና ይፈላ? በሱቅ መስኮት የሚታየው የሚያብረቀርቅ የኤስፕሬሶ ማሽን ዋጋው የብዙ ወራት የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ብዙዎቻችን «ጥሩ ቡና ያለ ጥሩ መሣሪያ አይገኝም» የሚለውን አስተሳሰብ ሳንመረምረው እንቀበላለን። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከልማድና ከማስታወቂያ ለይተን በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሚዛን ልንመዝነው እንሞክራለን። ለቡና የተመደበችው ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ በምን ላይ መዋል አለባት? የምንመልሰው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥሩ ቡና ማለት ምን ማለት ነው?

ቡና ማፍላት በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲገለጽ፣ ውኃን አሟሚ አድርጎ ከጠጣር ነገር ውስጥ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮችን ማውጣት ነው። ከተቆላ ቡና ክብደት 30 በመቶ የሚጠጋው በውኃ ሊሟሟ ይችላል። ቀሪው 70 በመቶ በአመዛኙ የሕዋስ ግድግዳ ስለሆነ አተላ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ሊሟሟ የሚችለው ሁሉ ይሟሟ ዘንድ አይፈለግም። ንጥረ ነገሮቹ ወደ ውኃው የሚገቡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነውና። በመጀመሪያ የሚወጡት አሲዶች፣ ካፌይንና ቀላል የመዓዛ ውሕዶች ናቸው። ቀጥለው ለመጠጡ ጣፋጭነትና ሙላት የሚሰጡት ይወጣሉ፤ በመጨረሻም አፍ የሚያጣብቁና የሚመርሩ ውሕዶች ይከተላሉ።

አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርነስት ሎክሃርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ከቡናው ክብደት ከ18 እስከ 22 በመቶ የሚሆነው ሲሟሟ የመጠጡ ጣዕም ሚዛናዊ እንደሚሆን አመልክቷል። ከዚህ ያነሰ ሲሟሟ ቡናው ይጎመዝዛል፣ ይቀጥናል፤ ከዚህ ሲበልጥ መራራ ይሆናል። እንግዲህ «ጥሩ አፈላል» ማለት በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ መቆም መቻል ነው። ለዚህም አምስት ነገሮችን መቆጣጠር ያሻል፦ የፍሬውን ጥራትና ትኩስነት፣ የቡናና የውኃ ምጣኔን፣ የተወቀጠውን ቡና ልመት፣ የውኃውን መጠነ ሙቀት እና ጊዜን። ከእነዚህ ከአምስቱ ውድ ማሽን የግድ የሚጠይቅ አንድም አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሁሉ በፊት ፍሬው

የተበላሸ ፍሬ በየትኛውም መሣሪያ ቢፈላ ጥሩ ቡና አይወጣውም። አረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ናቸው፤ ስለዚህ የዝርያው ጥራት አያሳስበንም። የሚያሳስበን በገበያ ከምንገዛው ጥሬ ቡና ጋር ተደባልቆ የሚመጣው የጠቆረ፣ ነፍሳት የቦረቦሩት፣ የተሰባበረና የሻገተ ፍሬ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ለአንዲት ስኒ ቡና 5 ግራም ያህል የተቆላ ቡና ያስፈልጋል። ይህም ከ35 እስከ 40 የሚደርሱ ፍሬዎች ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል አንዷ ብቻ የሻገተች ብትሆን፣ ከስኒው ቡና 2.5 በመቶ ያህሉ ከእርሷ የመጣ ነው ማለት ነው። አፍንጫችን ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠን ያለውን መጥፎ ሽታ ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ እናቶቻችን ቡናውን በሰፌድ ዘርግተው አንድ በአንድ የሚለቅሙት ለወጉ ብቻ አይደለም። መልቀም ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን በጥራቱ ላይ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጣ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ትኩስነት ነው። ጥሬ ቡና በደረቅና ነፋሻ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ጠባዩን ሳይለውጥ ይቆያል። ከተቆላ በኋላ ግን መዓዛ ሰጪዎቹ ውሕዶች መትነን፣ ቅባቱም ከኦክስጅን ጋር መዋሐድ ይጀምራል። ያልተወቀጠው የተቆላ ፍሬ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ሲዘልቅ፣ የተወቀጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ መዓዛውን ያጣል። ጥሬውን ገዝቶ፣ ለጥቂት ቀናት የሚሆነውን ብቻ ቆልቶ፣ ሊፈላ ሲል መውቀጥ በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ትልቅ የጥራት ዋስትና ነው።

አቆላል፦ ቀለሙም ክብደቱም ይለወጣል

ጥሬ ቡና ከ10 እስከ 12 በመቶ ውኃ ይይዛል። በምጣድ ላይ ሲሞቅ በመጀመሪያ ይህ ውኃ ይተናል። ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ እየተዋሐዱ ቡናማውን ቀለምና መዓዛውን ይፈጥራሉ። ይህ ኬሚካዊ ለውጥ በፈረንሳዊው ኬሚስት በሉዊ ካሚይ ማያር ስም ይጠራል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን እየሰነጠቀ ይወጣል፤ በምጣዱ ላይ የምንሰማው መንጣጣት ይህ ነው።

መንጣጣቱ ሲያበቃ ቡናው መካከለኛ ቀለም ላይ ይደርሳል፤ ክብደቱም 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እስኪጠቁርና ቅባቱ እስኪወጣ ድረስ ብንቆላው ግን የሚቀንሰው ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለቅመን 950 ግራም ቢቀረን፣ በመካከለኛ አቆላል 807 ግራም፣ በጥቁር አቆላል 760 ግራም እናገኛለን። ልዩነቱ 47 ግራም፣ ማለትም ዘጠኝ ስኒ የሚሆን ቡና ነው። ከዚህም በላይ አብዝቶ መቁላት የፍሬውን የራሱን ጣዕም በቃጠሎ ጣዕም ይሸፍነዋል።

ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል። ምጣዱን የነካው የፍሬ ገጽ ከላይኛው ይልቅ ስለሚሞቅ፣ ካልተማሰለ አንዱ ወገን አርሮ ሌላው ጥሬ ይሆናል። እንደ ተቆላም ቶሎ ከምጣዱ አውርዶ ማናፈስ ይገባል፤ አለበለዚያ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

ሙቀጫና የገጽታ ስፋት

ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጽታው ስፋት 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ሆኑ አንድ ሺህ ኩቦች ብንከፋፍለው፣ ይዘቱ ሳይለወጥ የገጽታው ስፋት 60 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ውኃ ቡናውን የሚያገኘው በገጽታው በኩል ስለሆነ፣ ቡናው በላመ ቁጥር ማሟሟቱ ይፈጥናል።

ዋናው ችግር ልመቱ ሳይሆን የልመቱ አለመመሳሰል ነው። ደቃቁ ዱቄት ቶሎ ተሟሟቶ ወደ መራራነት ሲሻገር፣ ሻካራው ገና ጎምዛዛ ደረጃ ላይ ይሆናል፤ በአንድ ስኒ ውስጥ ሁለቱም ስህተቶች ይገናኛሉ። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ባለ ጥርስ መፍጫዎች የሚወደዱት ቅንጣቶቹን ተቀራራቢ አድርገው ስለሚፈጩ ነው። በየቤቱ የሚገኘው ባለ ምላጭ የኤሌክትሪክ መፍጫ ግን የደረሰበትን ስለሚቆርጥ ልመቱ ይዘበራረቃል። በሙቀጫና ዘነዘና ስንወቅጥም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። በመጠኑ ከወቀጥን በኋላ በወንፊት ነፍተን፣ ሻካራውን ብቻ መልሰን መውቀጥ ነው። ባለ ምላጩን መፍጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ያለማቋረጥ ከማስኬድ ይልቅ ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ እያጠፋ፣ በየመካከሉ ቢነቀንቀው የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ውኃ፣ ሙቀትና ከፍታ

ለ1 ሊትር ውኃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና ጥሩ መነሻ ነው። ለግማሽ ሊትር ጀበና 30 ግራም እንጨምራለን ማለት ነው። ቡናው ከክብደቱ እጥፍ የሚሆን ውኃ መጥጦ ስለሚያስቀር፣ 440 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ስድስት ስኒ ገደማ ይቀዳል። ሚዛን ለሌለው ሰው ያልተቆለለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ቡና 5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን «ለአንድ ስኒ አንድ ማንኪያ» የሚለው መለኪያ ይበቃዋል።

ለማፍላት የሚመረጠው መጠነ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ ሰዎች ውኃውን ካፈሉ በኋላ ትንሽ ማብረድ ይኖርባቸዋል፤ ወይም ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ማንቆርቆሪያ ይገዛሉ። በእኛ ደጋ ግን ተፈጥሮ ራሷ ትቆጣጠርልናለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ ነጥበ ፍሌት በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው። ይህ ደግሞ በተመረጠው ክልል ውስጥ ያርፋል። ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ በሆነችው ጋምቤላ ውኃ ከ98 ዲግሪ በላይ ስለሚፈላ፣ በዚያ የሚኖር ሰው ጀበናውን ከእሳት አውርዶ ጥቂት ካሳረፈ በኋላ ቡናውን ቢጨምር ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብናበረታበት መጠነ ሙቀቱ ከፍ አይልም። የሚጨመረው ኃይል በሙሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል፤ እንፋሎቱም መዓዛውን ይዞ ይሄዳል። ግማሽ ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 150 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ይኸው ኃይል 66 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ስኒ ያነሰ ውኃ ብቻ ያተናል። ስለዚህ ጀበናውን ሲያንተከትኩ መቆየት ማገዶንም መዓዛንም አብሮ ማባከን ነው። ቡናው ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ ሦስትና አራት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በማቶቱ ላይ አዘንብሎ እስኪሰክን መጠበቅ በቂ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አንድ ንጥረ ነገር በአሟሚ ሲወጣ፣ አሟሚውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመጨመር ይልቅ ከፋፍሎ በተደጋጋሚ መጨመር የበለጠ እንደሚያወጣ ተማሪዎች ያውቃሉ። በአንዱ ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ውኃ መጨመር የዚሁ ሕግ ተግባር ነው። ካፌይን በሙቅ ውኃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ አብዛኛው በአቦል ይወጣል፤ ቶናና በረካ እየቀለሉ የሚሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ማታ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው በረካውን ቢመርጥ ምክንያታዊ ነው።

ይሁን እንጂ አቦሉ ጥሩውን ክፍል ከወሰደ በኋላ የሚቀረው ወደ መራራው ያደላል። ስለዚህ ቶናውን በአቦል ልክ በተሞላ ውኃ ከማቅጠን ይልቅ የውኃውን መጠን በግማሽ መቀነስና የመፍላት ጊዜውን ማሳጠር ይሻላል።

መሣሪያዎቹን እናወዳድር

ጀበና፦ ሸክላ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ ቡናውን ከእሳት ከወረደም በኋላ በሙቀቱ ያቆየዋል። ጠባብ አንገቱ ትነትን ይቀንሳል፤ ሆዱ ደግሞ አተላው የሚሰክንበት ቦታ ነው። ድክመቱ መሰበሩ ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ አይፈላበትም፤ ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ሸክላውን እኩል ባልሆነ መጠን ስለሚያኮማትረው ይሰነጥቀዋል።

የጨርቅና የወረቀት ማጥለያ፦ ጀርመናዊቷ ሜሊታ ቤንትስ እ.ኤ.አ. በ1908 የወረቀት ማጥለያን ለዓለም አስተዋወቀች። ጥሩ ሆኖ የተሰፋ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ በየጊዜው እየታጠበና እየተቀቀለ፣ ተቀራራቢ አገልግሎት ይሰጣል። ማጥለያ ለጤናም ይጠቅማል። በቡና ቅባት ውስጥ ካፌስቶል የተባለ ውሕድ አለ፤ ሳይጣራ የተፈላ ቡና በብዛት ሲጠጣ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። የወረቀት ማጥለያ አብዛኛውን ካፌስቶል ያስቀራል። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሞካ፦ በጣሊያን አገር በአልፎንሶ ቢያሌቲ ስም እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የታወቀ፣ የታችኛው ክፍል እንፋሎት ውኃውን በቡናው በኩል ወደ ላይ የሚገፋበት የብረት ዕቃ ነው። ቶሎ ያፈላል፤ ለዓመታትም ያገለግላል። እሳቱ ከበረታበት ግን ቡናውን ያቃጥላል።

የኤስፕሬሶ ማሽን፦ ውኃን በ9 ባር ገደማ ግፊት በደቃቅ ቡና ውስጥ ያሳልፋል። ይህ ግፊት በሌሎቹ ዘዴዎች የማይገኝ ወፍራም መጠጥና አረፋ ይሰጣል። ነገር ግን እኩል የላመ ቡና ስለሚጠይቅ ከማሽኑ ጋር ጥሩ መፍጫም መግዛት ግድ ይሆናል።

የወጪው ስሌት

የቡና ዋጋ ስለሚለዋወጥ የሚከተሉት ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በአካባቢው ዋጋ ይተካቸው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 800 ብር ነው እንበል። ተለቅሞና ተቆልቶ 160 ስኒ ስለሚወጣው የአንዱ ስኒ ቡና 5 ብር ይሆናል።

በቀን አራት ስኒ ቢጠጣ በዓመት 1,460 ስኒ ነው። 400 ብር የተገዛ ጀበና በዓመቱ ቢሰበር እንኳ ለአንድ ስኒ 27 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል። 3,000 ብር የተገዛ ሞካ አሥር ዓመት ቢያገለግል 20 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል። 36,000 ብር የተገዛ ማሽን አምስት ዓመት ቢያገለግል ግን በያንዳንዱ ስኒ ላይ 5 ብር ገደማ ይጨምራል። ይህም መፍጫውንና ጥገናውን ሳንቆጥር ከቡናው ዋጋ ጋር የሚተካከል ነው። ያንኑ ያህል ገንዘብ ለፍሬው ብናውለው፣ ዋጋው እጥፍ የሆነ ምርጥ ቡና በጀበና እንጠጣበት ነበር።

ከሰልን በሚመለከት

ርካሽ የሚባለው ዘዴ ሕይወትን የሚያስከፍል ከሆነ ርካሽ አይደለም። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምና ሽታ የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱም ከጠፋ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ የቀላ ከሰልም ጋዙን ማመንጨቱን አያቋርጥም። ስለዚህ በከሰል የሚያፈላ ሰው በደጅ ወይም በበረንዳ ያፍላ፤ ምድጃውን ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና የሕክምና እርዳታ መፈለግ ያስፈልጋል።

መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። ግማሽ ሊትር ለማፍላት የሚበቃው 150 ኪሎጁል 0.042 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ምድጃው ግማሹን ሙቀት ቢያባክን እንኳ ከ0.1 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

አንባብያን የተባለውን ሁሉ በምላሳቸው እንዲፈትኑ እንጋብዛለን። ከአንድ ኪስ የተገዛ ጥሬ ቡና ለሁለት ይከፈል፤ አንደኛው ይለቀም፣ ሁለተኛው ሳይለቀም ይቅር። ሁለቱም በእኩል ቀለም ተቆልተው፣ በእኩል ልመት ተወቅጠው፣ በእኩል ውኃና ጊዜ ይፈሉ። ጓደኛ ስኒዎቹን ከሥር ምልክት ያድርግባቸው፤ ቀማሹ የትኛው የቱ እንደሆነ አይወቅ። በሚቀጥለው ቀን የተለቀመውን ብቻ ይዞ፣ አንዱን ለአራት ደቂቃ፣ ሌላውን ለአሥራ አምስት ደቂቃ በማፍላት ሙከራው ይደገም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የማንኛውም ሳይንሳዊ ሙከራ መሠረት ነው።

ስናጠቃልል፣ ገንዘቡ በቅድሚያ ለጥሩ ፍሬ፣ ቀጥሎ ለተመሳሳይ ልመት፣ በመጨረሻም ከተረፈ ለመሣሪያ ይዋል እንላለን። ልቅም ያለ ቡና፣ ወንፊት፣ ጀበናና የእጅ ሰዓት ያለው ተማሪ፣ ለጥሩ ስኒ ቡና የሚያስፈልጉትን አምስቱንም ነገሮች በእጁ ይዟል።